እኩል ትከሻ

ኂሩት የወንድሟን ጀርባ የምታውቀው በጣቶቿ ነው። ሌላው ሰው ሱራፌልን ሲያገኘው መጀመሪያ የሚያየው ፈገግታውን ነው፤ ጥርሰ መልካም ልጅ ስለሆነ አይፈረድበትም። እሷ ግን ግራ ትከሻው ከቀኙ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ በቀኝ በኩል ጀርባው የት ላይ እንደሚያብጥ፣ አከርካሪው ወገቡ ጋ ሲደርስ ወዴት እንደሚታጠፍ ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች። ልጁ በአፍላነቱ መጣመም ከጀመረ ወዲህ ልብሱን የምትሰፋለት እሷ ናት። በግራ ትከሻው ስፖንጅ ትደብቃለች፣ በቀኝ በኩል ጀርባውን ታሰፋለች፣ የኮቱን ጫፍ በአንድ ወገን ረዘም ታደርጋለች። የማያውቀው ሰው እሷ የሰፋችውን ለብሶ ቢያየው፣ "ይሄ ልጅ ትንሽ ዘንበል ይላል" ብሎ ያልፋል እንጂ ሌላ ነገር አይጠረጥርም።

እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ስለዚህ እህቱም እናቱም ኂሩት ናት። "እቴቴ" ይላታል፤ ስትቆጣው አንገቱን ይደፋል፣ ያለችውን ይሰማል። እሷ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ለሠራተኝነት ተቀጥራ ጄኔቫ ገባች። እሱም ከጊዜ በኋላ በበረሃና በባሕር ዞሮ ስዊዘርላንድ ደረሰ፤ ጥገኝነት ሲጠይቅ ግን የመደቡት ዙሪክ ካንቶን ሆነና፣ አንድ አገር ገብተው ባቡር ለያያቸው። ያም ሆኖ ልጁ አልሰነፈም። ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት አገኘ፣ ጀርመንኛውን አቀላጠፈ፣ አንድ መነጽር ቤት ሌረ ገባ፤ እየሠሩ ሙያ መማርን እዚያ አገር እንዲያ ነው የሚሉት። በሐምሌ ይመረቃል።

ችግሩ ጀርባው ነበር። ጥመቱ እያደር ሳንባውን መጫን ጀመረ፤ ደረጃ ሲወጣ እንደ ሽማግሌ መሀል ላይ ቆሞ ያርፋል። ዙሪክ ያሉ ሐኪሞች አከርካሪውን አቅንተው በብረት ዘንግና በብሎን ሊያስሩት ወሰኑ። ኂሩት ወሬውን የሰማች ሳምንት ጄኔቫ ካለ ጨርቅ ቤት ገብታ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ገዛች። ለምርቃቱ ኮት ልትሰፋለት ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፖንጅ የሌለው፣ ሁለቱ ትከሻ እኩል የሆነ ኮት። ጨርቁን ግን ሳትቆርጥ አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ልኩ የሚወሰደው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው ብላ።

ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለት ሰዎች ደግፈው ከአልጋው ሲያስነሱት ኂሩት ግርጌው ቆማ ነበር። ልጁ ተነሳ፣ ተነሳ፣ አሁንም ተነሳ። ሁልጊዜ በዓይኗ ትክክል የምታየውን ፊት አንጋጣ አየችው።

"እቴቴ፣ አንቺ እንዲህ አጭር ነሽ እንዴ?" አላት።

እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ነርሷ "ይህች ሴትዮ ምን ነካት?" በሚል ዓይን እያየቻት፣ ከቦርሳዋ የልብስ ሜትሯን አውጥታ እዚያው ለካችው። ግራና ቀኙ እኩል ነበር።

ከሆስፒታል የሚወጣ ቀን ቀዶ ሕክምናውን የሠራችው ዶክተር ብሩነር መጣች። ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት፤ ኂሩት ጀርመንኛ እንደማትችል ስላወቀች የምታናግራት በፈረንሳይኛ ነው።

"ፋሻውን አትንኩት፤ በቀጠሮው ቀን እኛ እንፈታዋለን" አለች። "ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ካረጠበ ወዲያው ደውሉ።"

"የሚውጠው አንቲባዮቲክስ?" አለች ኂሩት።

"የለም፤ የሚያስፈልገውን ሰጥተነዋል። ቢላዋ ቆዳውን ሳይነካው መድኃኒቱ በደም ሥሩ ገብቷል። ሥራው ስለረዘመ መሀል ላይ ደገምነው፣ ከዚያ አቆምን። ዘብ የሚቆመው በሩ ክፍት ሳለ ነው፤ አሁን በሩ ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ ቢወስድ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።"

"አንድ ፍሬ እንኳ?"

"አንድም።"

ቋንቋ እንዳይመስላችሁ ችግሩ። ኂሩት ቃል በቃል ሰምታታለች። አላመነቻትም እንጂ። የምትሠራበት ቤት እመቤት አንድ ጥርስ ተነቅላ የመጣች ቀን መድኃኒቷን በከረጢት ይዛ ነበር የገባችው። ወንድሟ ግን ጀርባው ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ተከፍቶ፣ ብረት ተቀብሮበት፣ ባዶ እጁን ሂድ ተባለ። "ስደተኛ ስለሆነ ነው" አለች በልቧ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ሳይሰሙ ኂሩት ላይ መፍረድ ደግ አይደለም። አባቷ አገር ቤት ሆዳቸውን ተቀድደው ተኝተው ሳሉ፣ መድኃኒት ከውጭ ፈልገሽ አምጪ ተብላ ከተማው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ቤት በሙሉ አዳርሳለች። "የለም" አሏት፣ "አልቋል" አሏት፣ "ሳምንት ተመለሺ" አሏት። ሳምንቱ አልደረሰላቸውም። ቁስላቸው መሽተት ሲጀምር ራስጌያቸው ተቀምጣ ነበር፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልወጣም። ለኂሩት መድኃኒት የሌለው ቁስል ማለት አባቷ ናቸው።

ሐበሻ ታሞ ብቻውን አይተኛም። የሽሊረኗ ጠባብ ቤት በጠያቂ ሞላች፤ ከአድሊስቪል የመጣ አለ፣ ከዙሪክ የመጣ አለ፣ ጫማው በሩ ላይ ተከምሮ ለመግባት ያስቸግራል። ሁሉም "እንኳን እግዜር አተረፈህ" ካለ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ "መድኃኒት ምን ሰጡት?" ኂሩት "ምንም" ስትል ከንፈር ይመጠጣል። እሷም ከንፈር በተመጠጠ ቁጥር ይባስ ትፈራለች።

እትዬ አስረሳሽ የመጡት ከቪንተርቱር ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው መድኃኒት ይዞ አይመጣም። አገር ቤት ደርሶ የሚመለሰው ሁሉ በርበሬና ሽሮ ሲጭን እሳቸው መድኃኒት ቤቱን ነቅለው ይመጣሉ፤ የራስ ምታቱን፣ የጨጓራውን፣ የሳሉን።

"እነዚህ ሰዎች አንቲባዮቲክስ የሚሰጡህ ነፍስህ ጉሮሮህ ላይ ስትደርስ ነው" እያሉ ቀይና ቢጫ ካፕሱል የሞላበት ላስቲክ ከቦርሳቸው አወጡ። "ጠዋትና ማታ ይዋጥ። አንድ አንዱን ደግሞ ከፍተሽ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንሺለት፣ ያደርቀዋል። የእኔ ልጅ እግር የዳነው በምን ሆነና!"

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ካፕሱል ተከፍቶ ያልተነሰነሰበት ቁስል በየትኛው ሰፈር አለ? ኂሩት ክንድ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ ራሱ በዚያ ዱቄት የዳነ ነው። ወይም ዱቄቱ እያለም የዳነ ነው፤ ማን ያውቃል።

"እቴቴ፣ አትንኩ ብለዋል እኮ" አለ ሱራፌል፣ ጠያቂው ሁሉ ከሄደ በኋላ።

"አንተ ዝም በል። እኔ ክፉ አድርጌብህ አውቃለሁ?"

አታውቅም። ስለዚህ ሳቀና ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ሰጣት።

እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። ፋሻውን ከጫፉ ይዛ ቀስ አድርጋ ገለጠችው። ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ነበር፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወርዷል። "እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልሰፋም" አለች፤ የሙያ ሰው ናትና አደነቀች። እዚያ ላይ ፋሻውን መልሳ ብትተወው ኖሮ እኔም ይህን ባላወራሁ። እሷ ግን ካፕሱሉን ፈልቅቃ ዱቄቱን በስፌቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ነሰነሰችው፣ በጣቷም ዳበስ አደረገችው። በማግስቱ ጠዋት ደገመች። በየጠዋቱ እንደዚያ፤ ጠዋትና ማታም አንድ አንድ ታስውጠዋለች። ሱራፌል አንድ ቀን እንኳ አልተንቀሳቀሰባትም፤ እጇ ሲያርፍበት ትንፋሹ ረጋ ይላል፣ አንዳንዴም በሆዱ እንደተኛ እንቅልፍ ይወስደዋል። እየነሰነሰች ስለ ኮቱ ታወራዋለች፤ ገበሩ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ቁልፉ የቀንድ ይሁን የብረት።

በቀጠሮው ቀን ዶክተር ብሩነር ጀርባውን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች። ፋሻው የነሱ እንዳልሆነ አይታ ስትጠይቅ ኂሩት ላብ አርሶት ቀየርኩት አለች። ክሩ ተነቀለ። የስፌቱ የታችኛው ጫፍ ትንሽ ቀልቷል፤ ትኩሳት ግን የለም፣ ደሙም ተመርምሮ ይህን ያህል የሚያሰጋ ነገር አልታየበትም።

"እኛ ካዘዝነው ሌላ የወሰደው መድኃኒት አለ?" አለች ዶክተሯ፣ ሁለቱንም እያየች።

ሱራፌል እህቱን አያት። ኂሩት ራሷን ነቀነቀች፤ በስሱ፣ እምቢ እንደሚል ሰው። ለምን እንደዋሸች ብትጠየቅ አታውቀውም። ሐኪሟን ሳታምናት ቀርታ፣ አሁን ደግሞ አፈረቻት።

"የለም" አለ ሱራፌል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ? ለሱ ተረት አልተበጀለትም።

ፈቃዷ አለቀና ኂሩት ላስቲኩን ለወንድሟ ትታለት፣ "ሳታቋርጥ ዋጥ" ብላው ጄኔቫ ተመለሰች። የቤቱ ሥራ ሲያልቅ ክፍሏ ገብታ ኮቱን ትሰፋለች። ምን ዓይነት ደስታ ነበር! ግራውን ቆርጣ ቀኙ ላይ ስታነባብረው ጠርዝ ከጠርዝ ይገጥማል። ስትደውልለት "ደህና ነኝ" ይላታል። ወገቡን እየወጋው እንደነበር አልነገራትም። ካፕሱሉን ግን እንዳለችው አላቋረጠም፤ ትኩሳቱ ብቅ ሊል ሲል ካፕሱሉ ይደፍቀዋል፣ እሱም ዳንኩ እያለ ሥራ ይገባል። ላስቲኩ ባዶ ከሆነ በኋላ ግን የሚደፍቀው ጠፋ። አንድ ቀን ለደንበኛ መነጽር እያስሞከረ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ለኂሩት የተደወለላት ቀትር ላይ፣ የእመቤቷን የጠረጴዛ ልብስ እየተኮሰች ሳለ ነው። ካውያውን ነቅላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠች። ባቡሩ በሐይቁ ዳር ሲከንፍ ከጎኗ ያሉት ሰዎች ፎቶ ያነሱ ነበር።

ዙሪክ ስትደርስ ጀርባው እንደገና ተከፍቶ፣ መግሉ ታጥቦ፣ እሱም ራሱን ስቶ ተኝቷል። ዶክተር ብሩነር ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገባቻት።

"መግሉ ብረቱን ዙሪያውን ይዞታል" አለች። "ከሱ ወስደን ላቦራቶሪ አስገብተናል፤ ጀርሙ ግን አልታይ አለን። ምን እንደሆነ ካላወቅን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አናውቅም። በግምት እየሰጠነው ነው፤ ትኩሳቱ አልበረደም። ራሱን ሳይስት ስጠይቀው ምንም አልወሰድኩም አለኝ። እርስዎን ደግሜ ልጠይቅዎ፤ የወሰደው ነገር አለ?"

ኂሩት ሰማች። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ፣ ነፍሱ እየተቃጠለች፣ እሷን ሸፍኗል። ያን ጊዜ ልቧ ተሰበረ።

"እኔ ነኝ" አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ካፕሱሉን፣ ዱቄቱን፣ ፋሻውን፣ ራሷን የነቀነቀችበትን ቀን። ዶክተሯ አልጮኸችባትም። ብትጮኽባት ትመርጥ ነበር። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ስንት ጊዜ ነው የከፈቱት?"

"በየጠዋቱ" አለች ኂሩት። "እጄን ግን በሳሙና ታጥቤ ነበር።"

"አምንዎታለሁ" አለች ዶክተሯ። "ስናስረክብዎ ንጹሕ የነበረ ቁስል ሲገለጥ ከቆዳው፣ ከአየሩ፣ ከጣትም የሚገባ አለ። ካፕሱሉ ደካማ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ተወው፣ ትኩሳቱንም ሸሸገብን። በቀጠሮው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ ከፍተን እናጥበው ነበር፤ ብረቱም ሊተርፍ ይችል ነበር። አሁን ብሎኖቹ አጥንቱን ለቀዋል።"

"ይወጣል?"

"መውጣት አለበት። አሁን የማስበው ስለ ጀርባው አይደለም፤ ስለ ነፍሱ ነው።"

ላቦራቶሪው የሚፈልገውን ካወቀ በኋላ ሌላ ዘዴ ተጠቅሞ ጀርሙን አገኘው፤ የሚገድለው መድኃኒትም ታወቀ። ብረቱ ወጣ። ያ "አንድም" የተባለው አንቲባዮቲክስ አሁን ለወራት በደም ሥሩ ሲንቆረቆርለት ከረመ። እትዬ አስረሳሽ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ተቀምጠው "ለበጎ ብዬ እኮ ነው" እያሉ ሲያለቅሱ፣ ኂሩት አቅፋቸው "እርስዎ ምን አደረጉ፤ እጁ የኔ ነው" አለቻቸው። ሱራፌል ዳነ። ሕይወቱ ተረፈች፤ ለዚህ ፈጣሪን ማመስገን ይገባል፣ እሷም ታመሰግናለች። ጀርባው ግን ብረቱ ከወጣለት በኋላ የድሮ መንገዱን ያዘ። መጀመሪያ ግራ ትከሻው ዝቅ አለ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል አበጠ። ደረጃ ላይም እንደ ድሮው መሀል ላይ ቆሞ ማረፍ ጀመረ። ኂሩት ሌላ ጊዜ እንደገና ይሞከር እንደሆነ ዶክተሯን ስትጠይቃት፣ "ተስፋ እንድሰጥዎ አይጠይቁኝ" አለቻት።

ሐምሌ ደረሰ። በምርቃቱ ዋዜማ ኂሩት ኮቱን ይዛ ሽሊረን መጣች። ኮቱን የጨረሰችው እሱ ከመውደቁ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አውጥታ አላየችውም።

ሱራፌል ለበሰው። ግራ ትከሻው ላይ ጨርቁ ባዶውን ተንጠለጠለ፤ በቀኝ በኩል ጀርባው ላይ ተወጥሮ ከፊት ቁልፉ አልገጥም አለ። መስተዋቱ ውስጥ ራሱን አየና ያንን ጥርሱን ብልጭ አደረገው።

"ቆንጆ ነው፣ እቴቴ። ቁልፉን ሳልቆልፍ እለብሰዋለሁ። ማን ያየዋል?"

"አውልቀው" አለች።

አልጋው ላይ ተቀምጣ በምላጭ የትከሻውን ስፌት ፈታችው። ያን ሁሉ ጊዜ ተጠንቅቃ የሰፋችው ክር ሲበጠስ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ስፖንጁን አወጣች። ከጄኔቫ ይዛው መምጣቷን አልነገረችውም ነበር።

"ለምን አልከለከልከኝም?" አለችው ቀና ሳትል። "አትንኩ ብለዋል ብለህ ነበር እኮ። ለምን እጄን አልያዝከኝም?"

"ምን ብዬ ልያዝሽ? ሐኪሞቹን ያኔ የማውቃቸው ከሳምንት ወዲህ ነበር። አንቺን ዕድሜዬን ሙሉ አውቅሻለሁ።" አጠገቧ ተቀመጠና፣ "እኔ እኮ አልተቀየምኩሽም፣ እቴቴ። ሙች! አንድም ቀን" አላት።

እውነቱን ነበር። ከልቡ እንደሆነ ኂሩትም አውቃለች፤ በደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ለቅጽበት ቀለል ሲልላት ተሰማት።

"ና ቁም" አለችው። "ጀርባውን ላስተካክል።"

ኮቱን ደርቦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ለመለካት ሁልጊዜ እንደሚቆመው፣ እጆቹን ወደ ጎን ለቅቆ። ኂሩት መርፌዎቹን በከንፈሮቿ ይዛ ከኋላው ቆመች። በቀኝ በኩል ስንት ጣት እንደምታሰፋ ለማወቅ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደችው፣ መዳፏን በኮቱ ሥር አስገብታ ጀርባው ላይ አሳረፈችው።

ሱራፌል ሸሸ።

ገላው ነው የሸሸው። መላ ጀርባው በአንድ ጊዜ ሽምቅቅ ብሎ ከእጇ ወደ ፊት ፈነገለው፤ በግንባሩ የመስኮቱን መስታወት ሊመታው ምንም አልቀረው። ሁለቱም ባሉበት ቀሩ። ታች መንገዱ ላይ ትራሙ እየተንገጫገጨ አለፈ።

"ይቅርታ፣ እቴቴ" አለ ሱራፌል። "ሳላስበው ነው። እግዚአብሔርን፣ ሳላስበው ነው።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ" አለች። "ቀዝቅዞህ ነው፤ እጄ ቀዝቃዛ ነው።"

እሱም ወደ ቦታው ተመለሰና ጀርባውን ሰጣት፤ ትንፋሹን ግን ይዞ ነበር። ኂሩት እጇን ከኮቱ ሥር አወጣች። አንዲት መርፌ ከከንፈሯ ወስዳ፣ ጨርቁን ብቻ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ከገላው ራቅ አደረገችውና፣ እሱን ሳትነካ ወጋችው።